ከሐዋሳ ሆኖ በኢራ ኮመንስ የምርምር ድጋፍ ማመልከትና ማስተዳደር

አንድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የማጽደቂያ ደብዳቤ ፊታችሁ አስቀምጡ። ራስጌው ላይ «ቀን 05/04/2018» ይላል። ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ዲሴምበር 14 ቀን 2025። ይህንኑ ቀን እንዳለ የአሜሪካ የጤና ምርምር ድጋፍ መዝገብ በሆነው ኢራ ኮመንስ ላይ ብትመቱት ሲስተሙ ምንም ሳይል ይቀበላል። አሜሪካኖች ግን ወርን ከቀን ስለሚያስቀድሙ ሜይ 4 ቀን 2018 ብሎ ያነበዋል። ትናንት የወጣ ፈቃድ ሰባት ዓመት ተኩል ያለፈበት ወረቀት ሆኖ ቁጭ ይላል። ቀይ ምልክት አይመጣም፤ ጥያቄው የሚመጣው ቆይቶ፣ ከገንዘብ ሰጪው ሠራተኛ በኢሜይል ነው።

ከሐዋሳ የሚላክ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ የሚደናቀፈው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ሳይንሱ ጥሩ ሆኖ ሳለ የእኛ ስም፣ የእኛ ዘመን፣ የእኛ ሰዓትና የእኛ ብር ለሌላ አገር ሰው ተብሎ በተሠራ ቅጽ ውስጥ ሲገቡ ይዛባሉ። ስለዚህ ሥራው ሶፍትዌሩን ከመክፈት በፊት ይጀምራል። አራቱ እንዴት እንደሚጻፉ አንድ ጊዜ ተወስኖ፣ በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ ፋይሉን የሚነካ ሰው ሁሉ ያንን ገጽ ይያዝ።

መመሪያው የሚናገረው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ በአጭሩ ኤንአይኤች፣ ስለሚጠቀምባቸው ሲስተሞች ነው። ኢራ ኮመንስ መዝገቡና መከታተያው ነው፤ አሲስት ማመልከቻው የሚዘጋጅበት ነው፤ ግራንትስ ዶት ጎቭ ማመልከቻው የሚያልፍበት በር ነው። የእንግሊዝ ወይም የአውሮፓ ኅብረት ሲስተም ለምትጠቀሙም ስለ ስም፣ ስለ ቀንና ስለ በጀት የተባለው እንዳለ ይሠራል። ከሁሉ በፊት ግን የጥሪ ማስታወቂያውን ከፍታችሁ «የውጭ ተቋም ማመልከት ይችላል ወይ» የሚለውን ክፍል አንብቡ። ኤንአይኤች የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ ተቋማት በንዑስ ውል ገንዘብ የሚያስተላልፉበትን አሠራር እንደሚቀይር በሜይ 2025 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። ስለዚህ ከጓደኛ የተገኘ የቆየ ማመልከቻ ለአጻጻፍ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለደንብ አይታመንም።

ምዝገባው፣ ስሙና አድራሻው

አመልካቹ ተቋሙ ነው፤ ተመራማሪው አይደለም። ተቋሙ ደግሞ በተራ የሚመጡ ምዝገባዎች አሉት፤ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ሁሉም ማለቅ አለባቸው። መጀመሪያ የኔቶ የድጋፍና ግዥ ኤጀንሲ ለውጭ ድርጅቶች የሚሰጠው ኤንኬጅ የተባለው ኮድ ይወጣል። በእሱ የአሜሪካ መንግሥት የድርጅቶች መዝገብ በሆነው ሳም ዶት ጎቭ ላይ ይመዘገባል፤ እዚያ ዩኢአይ የሚባል ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ ይሰጣል። ቀጥሎ ግራንትስ ዶት ጎቭና ኢራ ኮመንስ። ኤንአይኤች ራሱ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ ይላል። ከእኛ ዘንድ ደብዳቤ ከኮሌጅ ወደ ምርምር ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ፋይናንስ፣ ከዚያ ወደ ሕግ ክፍል ሲዞር የሚፈጀውን ጊዜ ጨምሩበትና ሦስት ወር ያዙ።

እዚህ ላይ ጊዜ የሚበላው የአድራሻ አጻጻፍ ነው። ኤንኬጅ ላይ ያለው ስምና አድራሻ ሳም ዶት ጎቭ ላይ ካለው ጋር በፊደል ደረጃ መግጠም አለበት። የከተማችን ስም ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ቢያንስ በሦስት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል፦ «ሐ» በፊት የገባበት፣ ያልገባበት፣ «ሰ» አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የተጻፈበት። በቆዩ የባንክና የፈቃድ ወረቀቶች ላይ «አዋሳ» ነው፤ በአዲሶቹ ላይ «ሐዋሳ»። ክልሉም እንዲሁ ነው። ሲዳማ በሰኔ 2012 ክልል ከመሆኑ በፊት የተሠራ ምዝገባ «ደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች» የሚል ይኖረዋል። አሁን የሚያያዘው የባንክ ደብዳቤ ሲዳማ ይላል። ሁለቱ ሲጋጩ ምዝገባው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ለምን እንደተመለሰ በግልጽ የሚነግር መልእክት ደግሞ ሁልጊዜ አይመጣም። መፍትሔው አንድ አጻጻፍ መርጦ ኤንኬጅን ቀድሞ ማሳደስ፣ ከዚያ ወደ ሳም መሄድ ነው። አድራሻውን በኤክሴል ከያዛችሁ የፖስታ ሳጥኑ ሕዋስ «ጽሑፍ» ተብሎ ይስተካከል፤ ካልሆነ ከፊት ያለው ዜሮ ይጠፋል።

የሳም ምዝገባ በየዓመቱ ይታደሳል። ማሳሰቢያው የሚሄደው እንደ ተቋሙ የኤሌክትሮኒክ ሥራ ተጠሪ ለተመዘገበው ሰው ኢሜይል ነው፤ ያ ሰው ዝውውር ሲወጣ ማሳሰቢያው አብሮት ይሄዳል። ሁለት ሰው አስመዝግቡ፤ የማደሻውን ቀንም የጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ሌላም ነገር አለ። ምዝገባው ነፃ ነው። ስማችሁ በሲስተሙ እንደወጣ «በክፍያ እናድስላችሁ» የሚሉ የመንግሥት መልክ ያላቸው ኢሜይሎች ይመጣሉ፤ አትክፈሉ።

አሁን ወደ ሰው ስም። ቅጹ የሚያውቀው «የራስ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ነው። እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም አለን። አንዱ ሰው በጽሑፎቹ ላይ የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይጠቀማል፤ ፓስፖርቱ የአያቱን ያሳያል፤ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የተከፈተለት አካውንት ደግሞ በሌላ ፊደል ተጽፏል። ሲስተሙ እነዚህን ሦስት ሰዎች ያደርጋቸዋል። የጽሑፎቻችሁ ስም የቱ ነው? እሱን ያዙ። አብዛኛው ሰው ጽሑፍ ያወጣው የአባቱን ስም ይዞ ስለሆነ የራስ ስም በመጀመሪያው፣ የአባት ስም በመጨረሻው መስኮት ይገባል። የአያት ስም ካስፈለገ ሁሉም ቦታ ይግባ፤ ካላስፈለገ የትም አይግባ። ከዚያ ለተመራማሪዎች መለያ በሚሰጠው ኦርኪድ ላይ ባለ 16 አኃዝ መለያ አውጡ፤ የሌሎቹን አጻጻፎች «በዚህም እታወቃለሁ» በሚለው ቦታ አስገቡና ከኢራ ኮመንስ አካውንታችሁ ጋር አገናኙት። የሕይወት ታሪክ ቅጹ የሚዘጋጀው ሳይኤንሲቪ በሚባለው ሲስተም ነው። መጨረሻ ላይ እውነት ነው ብሎ የሚያረጋግጠው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ረዳት ሊያረጋግጥለት አይችልም። ስለዚህ መስክ ላይ ያለ፣ ሞባይሉ የማይሠራለት አባል ካላችሁ ሳይወጣ አስጨርሱት።

በውጭ አገር ሲማር ኢራ ኮመንስ አካውንት የነበረው ሰው አዲስ አይክፈት። አካውንት ሰውየውን ዕድሜ ልኩን ይከተላል፤ የሚቀየረው የተቋም ትስስሩ ብቻ ነው። ፈራሚ ኃላፊው በአካውንቱ ስም ፈልጎ «ትስስር ፍጠር» ይላል፤ በቃ። ፈራሚ ኃላፊ የሚባለው ተቋሙን ወክሎ የሚልከው ሰው ሲሆን የእሱ አካውንትና የዋና ተመራማሪ አካውንት አንድ ሊሆኑ አይችሉም። ኃላፊው ራሱ ተመራማሪ ከሆነ ሁለት አካውንት ይኖረዋል።

መግቢያው በሎጊን ዶት ጎቭ በኩል ነው፤ ከይለፍ ቃል ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጠይቃል። በአጭር መልእክት ከሚመጣ ኮድ ይልቅ ስልክ ላይ የሚጫን የማረጋገጫ መተግበሪያ ምረጡ፤ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። የሚሠራው ግን በስልኩ ሰዓት ነው። በእጃችን ያለ ልማድ እዚህ ላይ ያስቸግራል፦ ስልኩ «በሐበሻ» እንዲያሳይ ብለው ሰዓቱን በእጅ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሱ ሰዎች አሉ። እንዲህ የሆነ ስልክ የሚያወጣው ኮድ ሁሉ ውድቅ ነው። ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መልሱት፤ ችግሩ ወዲያው ይጠፋል። አሥሩን መጠባበቂያ ኮዶችም አትማችሁ መሳቢያ ውስጥ ቆልፉ።

ቀኑና ሰዓቱ

የኤንአይኤች ማመልከቻ የሚዘጋው በአመልካቹ ተቋም አገር ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር 5 ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው ሲባል በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ማለት ነው። እኩለ ሌሊት አይደለም፤ የዋሽንግተን ሰዓትም አይደለም። የእንግሊዙ የምርምር ገንዘብ ሰጪ ዩኬአርአይ በለንደን 4 ሰዓት ከቀትር በኋላ፣ የአውሮፓ ኅብረት በብራስልስ 5 ሰዓት ይዘጋሉ። ሁለቱም ለእኛ በክረምታቸው ማታ 1 ሰዓት፣ በበጋቸው 12 ሰዓት ላይ ይውላሉ። እነሱ ሰዓት የሚቀይሩት በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ነው፤ በእነዚያ ሳምንታት የምታስገቡ ከሆነ ሁለቴ ቁጠሩ።

አር01 ለሚባለው የኤንአይኤች ዋና የምርምር ድጋፍ ዓይነት፣ ለአዲስ ማመልከቻ መደበኛዎቹ ቀኖች ፌብሩዋሪ 5፣ ጁን 5 እና ኦክቶበር 5 ናቸው። በእኛ ጥር 28፣ ግንቦት 28 እና መስከረም 25። ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግሥት የሚመጣው ዓመት ላይ የመስከረሙና የጥሩ በአንድ ቀን ወደ ፊት ይመጣሉ፤ ለምሳሌ በ2020 ዓ.ም. መስከረም 24 እና ጥር 27 ይሆናሉ። ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም የአሜሪካ ፌዴራል በዓል ላይ ከዋለ ወደ ቀጣዩ የሥራ ቀን ይሻገራል። የእኛን በዓል ግን ማንም አይቆጥርልንም። የመስከረሙ ቀን ከመስቀል በኋላ ስምንት ቀን ብቻ ነው፤ ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ ፊርማ የሚሰጥ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። የጥሩ ቀን ገናና ጥምቀት ተከታትለው ባለፉ ማግሥት ይመጣል። የግንቦቱ ላይ ደግሞ ፋይናንሱ በሙሉ ሰኔ 30 ሊዘጋ በሚሮጥበት የበጀት ግምገማ ውስጥ ነው። የፊቼ ጨምበላላ ቀን በአያንቶዎች ቆጠራ የሚወሰን በመሆኑ እንደተነገረ የሥራ መርሐ ግብራችሁ ላይ አስገቡት። ማህተምና ፊርማ የሚፈልግ ወረቀት ሁሉ ከመዝጊያው ሦስት ሳምንት በፊት ይለቅ።

በወረቀት ላይ ለሚጻፍ ቀን አንድ ሕግ ይበቃል፦ በእንግሊዝኛ ሰነድ ላይ ወሩን በቁጥር አትጻፉ። ወሩ በስም ይጻፍ፣ ዓመቱ በጎርጎርዮሳዊ ይሁን። የአማርኛው ደብዳቤ ሲያያዝ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ አብሮ ይያያዝ፤ ትርጉሙ ላይ የደብዳቤው ቁጥር ሳይለወጥ ይኑር፣ ቀኑ ይለወጥ።

አሲስት ላይ መሥራት

አሲስት ከፍታችሁ የማስታወቂያውን ቁጥር ስታስገቡ ለዚያ ጥሪ የሚያስፈልጉትን ቅጾች ራሱ ያወጣል። አንድ ቅጽ ላይ «አርትዕ» ያለ ሰው ቅጹን ቆልፎታል፤ ሌላው ሊነካው አይችልም። ስትጨርሱ «አስቀምጥና ቁልፉን ልቀቅ» የሚለውን ተጫኑ። መብራት ሲጠፋ ወይም ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ቁልፉ ተይዞ ይቀራል፣ ያልተቀመጠውም ይጠፋል። ስለዚህ ረጅሙን ጽሑፍ ሁሉ ላፕቶፓችሁ ላይ በዎርድ ጻፉ፤ አሲስት ላይ የምትቆዩት ለመለጠፍና ለማስቀመጥ ብቻ ይሁን።

ከዎርድ ስትገለብጡ የተጠማዘዙ ጥቅሶችና ረጅም ሰረዞች አብረው ይመጣሉ፤ ቀድሞ ኖትፓድ ላይ ለጥፎ ከዚያ መገልበጥ ያጸዳቸዋል። ርዕሱ ክፍት ቦታን ጨምሮ ከ200 ፊደል አይበልጥም። ማመልከቻው በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የፋይል ስምም በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ፣ ከ50 ፊደል ያልበለጠ፣ ከሌላው የተለየ ይሁን። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል አይቀበልም።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፣ የገጽ መጠን። አገራችን ውስጥ ያለ ኮምፒዩተርና ወረቀት ሁሉ ኤ4 ነው፤ 21 በ29.7 ሳንቲ ሜትር። ኤንአይኤች የሚፈቅደው ትልቁ ገጽ የአሜሪካው ሌተር ነው፤ 21.6 በ27.9። ኤ4 ጠበብ ይላል፣ ግን ወደ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ያ ርዝመት ከደንቡ ውጭ ነው። ዎርድ ላይ ገና ሳትጀምሩ የገጹን መጠን ሌተር አድርጉት። መጨረሻ ላይ ከቀየራችሁት 12 ገጽ የነበረው 13 ይሆናል፣ ያኔ የሚቆረጠው ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው አንቀጽ ነው። ስካን ስታደርጉም ስካነሩ በነባሪ ኤ4 ያወጣል፤ ከሕትመት ቤት በፍላሽ ያመጣችሁትን የድጋፍ ደብዳቤ ፒዲኤፍ ከፍታችሁ በባሕርያቱ ውስጥ የገጹን መጠን እዩ። ኤ4 ከሆነ በሌተር ገጽ ላይ «ልክ አድርገህ አትም» ብላችሁ እንደገና ፒዲኤፍ አድርጉት።

የቀሩት የአቀራረብ ደንቦች አጭር ናቸው። ፊደሉ ከ11 ነጥብ አያንስም፤ ኤሪያል ወይም ጆርጂያ ይመረጣል። ኅዳጉ በአራቱም በኩል ከ1.27 ሳንቲ ሜትር አያንስም። የገጽ ቁጥርና ራስጌ አታስገቡ፤ ሲስተሙ ራሱ ያስገባል። በይለፍ ቃል የተቆለፈ ፒዲኤፍ አይሠራም። ዝርዝር ዓላማው 1 ገጽ፣ የምርምር ስልቱ ለአር01 12 ገጽ፣ አነስተኛ ለሆኑት የድጋፍ ዓይነቶች ለአር21 እና ለአር03 6 ገጽ ነው። ማጠቃለያው 30 መስመር፣ ለሕዝብ ጤና ያለው ፋይዳ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም።

የአማርኛ ወይም የሲዳምኛ የስምምነት ቅጽ አብሮ የሚያያዝ ከሆነ አማርኛው በዩኒኮድ፣ ለምሳሌ በኒያላ ወይም በአቢሲኒካ፣ ተጽፎ ፊደሉ ፒዲኤፉ ውስጥ ተካትቶ ይውጣ። ቢሮዎች ውስጥ ያሉ የድሮ ሰነዶች ዩኒኮድ ባልሆነ የግዕዝ ፊደል የተጻፉ ናቸው፤ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ዝርግፍ ይሆናሉ። የላካችሁት ሰው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ግዕዝ በሌለበት ስልክ ላይ ከፍታችሁ አረጋግጡ።

የሰው ዝርዝር ቅጽ ላይ «ክሬደንሻል» የሚል መስኮት አለ። የእያንዳንዱ ቁልፍ ባለሙያ የኢራ ኮመንስ መጠቀሚያ ስም እዚያ ይገባል። ኢሜይል አይደለም፤ የሎጊን ዶት ጎቭ ስምም አይደለም። ባዶ ከተተወ ወይም የዋና ተመራማሪው ስም ከአመልካቹ ተቋም ጋር ካልተሳሰረ ማመልከቻው አያልፍም። እንዲህ ላለ ትንሽ መስኮት ማመልከቻ በመዝጊያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ማየት ያሳዝናል።

በጀቱ

የውጭ ተቋም ወጪው ሳይዘረዘር በ25 ሺህ ዶላር ክፍልፋይ (ሞጁል) የሚሞላውን አጭር በጀት መጠቀም አይችልም፤ ዝርዝሩን ይሞላል፣ በዶላር። ችግሩ የሚጀምረው ከብር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ከ100 አለፈ። በጀታቸውን በብር አስበው በአንድ ተመን የመነዘሩ ፕሮጀክቶች ዶላራቸው ሁለት እጥፍ ብር ሆኖ ተገኘ፤ ዋጋም ወዲያው ተከተለ።

የኤክሴሉ አሠራር እንዲህ ይሁን። አንድ ሕዋስ ላይ ተመኑ፣ ጎኑ የተወሰደበት ቀንና ባንክ። ከታች መስመሮቹን ለሁለት ክፈሉ፦ በብር የሚከፈሉ፣ ማለትም ደመወዝ፣ ውሎ አበል፣ ነዳጅና የመኪና ኪራይ፤ በዶላር የሚገዙ፣ ማለትም ሪኤጀንት (የላቦራቶሪ ኬሚካል)፣ ዕቃና የውጭ ጉዞ። የመጀመሪያዎቹ በተመኑ ሕዋስ ይካፈላሉ፤ ሁለተኞቹ ከፕሮፎርማው በቀጥታ ይገባሉ። 20 መረጃ ሰብሳቢ ለ15 ቀን በቀን 800 ብር ቢከፈለው 240,000 ብር ነው። ተመኑን 150 ብንል 1,600 ዶላር፤ 130 ብንል 1,846 ዶላር። ተመኑ ሲቀየር አንዱን ሕዋስ ብቻ ትለውጣላችሁ። ሳንቲም አይገባም፤ ወደ ሙሉ ዶላር ይጠጋጋ። በበጀት ማብራሪያው የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ተመኑን፣ ቀኑንና ባንኩን ጻፉት።

ደመወዝ ላይ ሁለት ስህተት ይደጋገማል። ቅጹ የሚጠይቀው የዓመት መነሻ ደመወዝ ነው፤ እኛ የምናስበው በወር ስለሆነ የወሩ ይገባና ሰውየው በአሥራ ሁለተኛ ክፍያ ይቀጠራል። ሌላው የሥራ ድርሻው ነው፤ በመቶኛ አይገባም፣ በሰው ወር ይገባል። የሥራ ጊዜውን ሩብ የሚሰጥ ሰው 3 ወር ነው፤ 10 በመቶ 1.2 ወር፤ 40 በመቶ 4.8 ወር። ወርሃዊ ደመወዙ 20,000 ብር የሆነ ሰው በ150 ተመን የዓመት መነሻው 1,600 ዶላር፣ ለ3 ወር የሚጠየቅለት 400 ዶላር ይሆናል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ እውነተኛው ደሞዝ ግን እሱ ነው፣ ከተቋሙ የደመወዝ መዝገብ ያልመጣ ቁጥር በኋላ ኦዲት ላይ ይወድቃል። አንድ ሰው በሁሉም ፕሮጀክቶቹ፣ ማስተማሩ ተጨምሮ፣ ከ12 ወር አይበልጥም። ሦስት ፕሮጀክት ላይ 40 በመቶ የተጻፈ መምህር ካላችሁ አሁኑኑ አስተካክሉ።

ለተዘዋዋሪ ወጪ የውጭ ተቋም የሚፈቀድለትን መቶኛ ከጥሪው ማስታወቂያ ውሰዱ። በየትኛውም የበጀት ዓመት ቀጥተኛ ወጪው 500,000 ዶላር ከደረሰ ደግሞ ከማስገባታችሁ ስድስት ሳምንት በፊት የኤንአይኤች ሠራተኛን ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው።

ማስገባትና ማረጋገጥ

«አረጋግጥ» የሚለውን ቁልፍ በየዕለቱ ተጫኑ፤ የመጨረሻ ቀን አትጠብቁ። የሚያወጣው ሁለት ዓይነት ነው። «ስህተት» ማመልከቻውን ያቆማል፤ «ማስጠንቀቂያ» አያቆምም፣ ግን እያንዳንዱን አንብባችሁ አውቃችሁ እለፉ። ሲጸዳ ሁኔታውን «ለመላክ ዝግጁ» አድርጉ። ቀጣዩ የፈራሚ ኃላፊው ነው፤ በግራንትስ ዶት ጎቭ ላይ የተፈቀደለት ወኪል ሆኖ የራሱን መግቢያ ተጠቅሞ ይልካል። ይህ ሰው ያን ቀን ሐዋሳ ውስጥ መኖሩን፣ የይለፍ ቃሉ መሥራቱን፣ ስልኩም ኮድ ማውጣቱን በሳምንት ቀደም ብላችሁ በዓይናችሁ እዩ። አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ከሆነ ላፕቶፑን ይዞ ይሂድ።

ግራንትስ ዶት ጎቭ «ተቀብያለሁ» የሚል ኢሜይልና የመከታተያ ቁጥር ይልካል። ብዙ ቡድን እዚህ ላይ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። ግን ገና ነው። ማመልከቻው ወደ ኢራ ኮመንስ አልፎ፣ እንደገና ተፈትሾ፣ በአንድ ፒዲኤፍ ተሰፍቶ መታየት አለበት። ዋና ተመራማሪው ኮመንስ ውስጥ «ሁኔታ» የሚለውን ከፍቶ ያንን ፒዲኤፍ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያገላብጥ፤ የጠፋ ምስል፣ የተገለበጠ ገጽ፣ የሌላ ሰው የሕይወት ታሪክ የሚታየው እዚያ ነው። ለማየት ሁለት የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ዝም ካላችሁ ራሱ ወደ ግምገማ ያልፋል። ጉድለት ካለ ፈራሚው «አልቀበልም» ብሎ ተስተካክሎ እንደገና ይላካል፤ ይህ የሚሆነው ግን የመዝጊያው ሰዓት ካላለፈ ብቻ ነው። በመዝጊያው ቀን የላከ ሰው የማየት መብት አለው፣ የማረም ጊዜ የለውም። ስለዚህ የእናንተ መዝጊያ ከታወጀው አራት የሥራ ቀን ይቀድማል፤ ከጥር 28 ተነሥታችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ።

ድጋፉ ከተገኘ በኋላ

ውጤቱ ጥሩ ከሆነ መጀመሪያ የሚመጣው ተጨማሪ ሰነድ መጠየቂያ ነው፤ በኮመንስ ውስጥ ራሱን የቻለ ማገናኛ አለው። የሥነ ምግባር ማጽደቂያው ቀን የሚገባው እዚህ ነው፤ ከላይ የተባለውን አትርሱ። የድጋፍ ማስታወቂያው ሲደርስ ክፍል 3 እና ክፍል 4 ይታተሙ፤ ልዩ ግዴታዎቹ እዚያ ናቸው። ፋይናንስ፣ ግዥና ዋና ተመራማሪው አንድ አንድ ቅጂ ይያዙ።

የዓመቱ የሥራ ሪፖርት ቀጣዩ የበጀት ዓመት ከመጀመሩ 45 ወይም 60 ቀን በፊት ይገባል፤ የትኛው እንደሆነ ማስታወቂያው ይናገራል። ካልገባ የቀጣዩ ዓመት ገንዘብ አይለቀቅም። የሒሳብ ሪፖርቱ ግን የሚገባው በኮመንስ አይደለም፤ ገንዘቡ በሚወጣበት የክፍያ ማስተዳደሪያ ሲስተም በኩል ነው። የበጀት ዓመቱ ካለቀበት ሩብ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ 90 ቀን አለው። ኦገስት 31 የሚያልቅ ዓመት ሪፖርቱ ታኅሣሥ 20 አካባቢ ይደርሳል ማለት ነው። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሁሉም የመጨረሻ ሪፖርቶች በ120 ቀን ውስጥ ይገባሉ።

እዚህ ጋ የመንግሥት በጀት ዓመትና የፕሮጀክቱ ዓመት አይገጥሙም። ዩኒቨርሲቲው ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፤ ሰኔ ላይ ግዥ ይቆማል፣ ሐምሌ መጀመሪያም ቶሎ አይከፈትም። ኦገስት 31 በሚያልቅ ፕሮጀክት የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ሪኤጀንት ለመግዛት ያሰበ ሰው ጊዜው በእጁ ላይ ያልቃል። ትልልቅ ግዥዎችን እስከ ሚያዝያ ጨርሱ። በአንድ የወጪ ዓይነት የሚወጣው ገንዘብ ለእሱ ከተፈቀደው፣ ከጠቅላላ ድጋፉ 25 በመቶ በሚበልጥ መጠን ከፍ ወይም ዝቅ ሲል እንደ ከፍተኛ የበጀት ለውጥ ይቆጠራል፤ የሥራው ይዘት ተቀይሯል ወይ የሚል ጥያቄ ያስነሣልና ከማድረጋችሁ በፊት ጻፉላቸው።

ለእያንዳንዱ ክፍያ መዝገቡ ላይ ሁለት ቀንና ሁለት ገንዘብ ይያዝ፦ የኢትዮጵያው ቀንና የጎርጎርዮሳዊው፤ ብሩና በዚያን ቀን ተመን የተሰላው ዶላር። ሰነዶቹ የመጨረሻው የሒሳብ ሪፖርት ከገባበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ይቀመጣሉ። ከካሽ ሬጂስተር የሚወጣው ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ በሐዋሳ ሙቀት፣ በተለይ በመኪና ኪስ ውስጥ ከከረመ፣ ቀለሙ ቶሎ ይጠፋል። በተገኘ ቀን ፎቶ ኮፒ ይነሣ፣ ኮፒው ላይ ቀኑና ተመኑ በእጅ ይጻፍ፣ ዋናው ከኋላው ይሰፋ።